የመዳም አፖንዲ አሸኛኘት

ሰላም ማለት ማንም ያውቃል። መሰናበት የሚያውቅ ግን ከመቶ ሰው አንድ ቢገኝ ነው፤ ያ አንድ ሰው ደግሞ ዘጠና ዘጠኙን በር ላይ አቁሞ ያስመሻል።

ታውቁታላችሁ። «እንግዲህ ልሂድ» ብላችሁ ስትነሱ አብሯችሁ ይነሳል። ቁጭ ብላችሁ ሳላችሁ ያላነሳውን ወሬ በሩ ላይ ያነሳል። አጥሩ ጋ ስትደርሱ የእናታችሁን የጉልበት ሕመም ከሥሩ ይጠይቃል። ፌርማታው ላይ አብሯችሁ ይቆማል። በመጨረሻ ማታቱ፣ ያ የኛ ሚኒባስ ታክሲ፣ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ ትይዩ እየሮጠ «የረሳሁት ነገር!» ይላል። የረሳው ነገር ሁልጊዜ «ሰላም በልልኝ» ነው።

የእኛዋ መዳም አፖንዲ ናቸው። ክብርት መዳም አፖንዲ፣ እዚህ ናይሮቢ የዩኒቨርሲቲያችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣ የፍጻሜዎች ሁሉ ባለአደራ፣ የስንብቶች የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበር። ከምዕራቡ ታላቅ ሐይቅ ዳር የመጡ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሹራባቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው እንደ ካባ የሚጎትቱ። ስብሰባ በመዝጊያ ጸሎት ማለቁ የአገሩ ሁሉ ልማድ ነው፤ እሳቸው ግን አጭር የስልክ ጥሪም ሳይባርኩ አይዘጉም። አንድ ጊዜ በስህተት የደወለ ሰው «ቁጥር ተሳስቼ ነው» ሲላቸው ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠይቀው፣ መርቀው ለቀቁት። ሰውየው በበዓል ቀን መልሶ ደውሎ ነበር፤ በዚህኛው አልተሳሳተም።

ይህን ሁሉ አንድ አመል ነው ብዬ በታገሥኩ ነበር። የገረመኝ ወደ ኮምፒውተሮቹም ይዘውት መግባታቸው ነው። እኔ በዩኒቨርሲቲው የድምፅ ማኅደር ውስጥ የድሮ ዘፈኖችን እየሰማሁ ግጥማቸውን የምጽፍ ሰው ነኝ። ፕሮግራም ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በቃ፤ አወጣጥ ያለው፣ ስንብት የሚገባው አይመስለኝም ነበር።

ለዚህ ትምህርቴ ሙንያኦን አመሰግናለሁ፤ ያለ እሱ ጥፋት መዳም የሚያስተምሩበት ምክንያት ባላገኙ ነበር። ሙንያኦ ፕሮግራም ጸሐፊያችን ነው፤ የማቻኮስ ከተማ ልጅ፣ ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ ትዕግሥት በአጠገቡ ያላለፈ። አንድ ፕሮግራም ትንሽ ከዘገየበት አንድ መድኃኒት ብቻ ያውቃል፦ «ዘጠኝ ላክበት!»

ዘጠኝ፣ ፕሮግራሙን ወዲያው እንዲገድለው ማሽኑን ለሚመራው ስርዓተ ክወና የሚሰጥ የመጨረሻው ምልክት ነው። ፕሮግራሙ አይሰማውም፤ ለመስማት ጆሮውን ሳያቀና አልቆለታል። በእጁ የያዘው፣ ገና ያልጻፈው ሥራ አብሮት ይጠፋል። አሥራ አምስት የሚባል ሌላ ምልክት አለ፤ እሱ ግን ጥያቄ ነው። «ወዳጄ፣ መሽቷልና ብትነሳስ» እንደ ማለት። ፕሮግራሙ ይሰማል፣ የጀመረውን ይጨርሳል፣ የያዘውን ይጽፋል፣ የከፈተውን ይዘጋል፣ ከዚያ በገዛ እግሩ ይወጣል።

«ሙንያኦ» ይላሉ መዳም፣ «እናትህ ቤት እንግዳ ሲቆይባችሁ በመጥረቢያ ነው የምትሸኙት?»

«እንደ እንግዳው ነው፣ መዳም።»

«መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ጠይቀው!»

ይህች ቃል በሳቸው አፍ እንደ ውዳሴ ማርያም ነበረች። ሕግም አወጡባት፦ ሲጠየቅ የያዘውን አስቀምጦ መውጣት የማያውቅ ፕሮግራም በሳቸው ማሽን ላይ አያድርም። ሙንያኦ የሚጽፋቸውን ሁሉ ይዞ እየመጣ፣ እሳቸው መጨረሻውን ከመጀመሪያው አስቀድመው እያነበቡ፣ «ስንብቱ የታለ?» ይሉታል። እሱም እያጉረመረመ ይጨምራል። «ሥራው ሦስት መስመር፣ ስንብቱ ሁለት ገጽ» ይለኛል ወጥቶ። «ይቺ ሴትዮ ካልኩሌተርም ቢሆን እንባ አውጥቶ እንዲሄድ ነው የምትፈልገው።»

አንድ ጠዋት ሙንያኦን በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ሲቀጠቅጥ አገኘነው። ስክሪኑ ላይ ካለው የፕሮግራሞች ዝርዝር አንዱ አልወጣ ብሎታል። ዘጠኝ ልኳል፤ ደግሞ ልኳል፤ አሁንም ስሙ እዚያው ነው።

መዳም መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። «ልጄ፣ የሞተን ሰው ስንት ጊዜ ነው የምትገድለው?»

«ታዲያ ከሞተ ምን ይሠራል እዚህ?»

«ቃሉን የሚቀበለው አጥቶ ነዋ።»

እኔ ጆሮዬን አቆምኩ። መዳም እንዳስረዱን ፕሮግራም ሲያልቅ የያዘውን ቦታ ሁሉ ለማሽኑ ይመልሳል፤ ግን አንድ ነገር ይቀረዋል፤ እንዴት እንደጨረሰ የምትናገር አንዲት ቁጥር። ያችን ቁጥር የሚቀበለው የወለደው ፕሮግራም ነው። ወላጁ «እንዴት ሆንክ?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ሟቹ ስሙን ይዞ በዝርዝሩ ውስጥ ይቆማል። ሥራ የለውም፤ ቦታም አይዝም። ቃሉን ብቻ ይዞ ይጠብቃል።

«አባቱ ደግሞ» አሉ መዳም፣ «ያንተ ፕሮግራም ነው። ልጆች ይልካል፣ ደኅና ገባችሁ ወይ ብሎ አይጠይቅም።»

«ፕሮግራሙን ነው አይደል የሚሉት፣ መዳም? እኔን አይደለም።»

«እናትህ ዘንድ መቼ ደወልክ?»

ሙንያኦ ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ከማቻኮስ የሚመጣው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር፤ የምስጋና ድምፅ አልነበረም።

ወላጁ ቀድሞት የሞተ ፕሮግራምስ? ሜዳ ላይ አይቀርም። ማሽኑ ሲነሳ ከሁሉ ፊት የሚነሳ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ወላጅ አልባውን ሁሉ እሱ ይረከባል፣ ሲጨርስም ቃሉን እሱ ይቀበለዋል። ይህን የሰማሁ ዕለት ውጭ ወጥቼ ሰማዩን ሳይ ቆየሁ። ብረትና ሽቦ ነው ባልኩት ነገር ሆድ ውስጥ እንዲህ ያለ ርኅራኄ ተጽፎ ኖሯል! ደግሞም የማውቀው ታሪክ ነበር። እኔን የቀጠሩኝ ፕሮፌሰር በመጣሁ በወሩ ሥራ ለቀው ሲሄዱ፣ የማን እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው በግቢው ውስጥ አልነበረም። ዴስኬንም ሊወስዱት መጥተው ነበር። ያኔ ሹራባቸውን እየጎተቱ የመጡ አንዲት ሴት ዴስኩን በመዳፋቸው መታ አድርገው «ይኼ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው፤ ምሳ በልተሃል?» አሉ። አልበላሁም ነበር። ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ከሐይቅ ዓሣ ጋር አበሉኝ፤ ከዚያም እስከ ፌርማታው ሸኙኝ።

ስለ ቁጥሯም ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ በሰላም ከጨረሰ የሚተወው ቃል ዜሮ ነው። ሌላ ቁጥር ከተወ የጎደለ ነገር አለ። በትምህርት ቤት የሒሳብ ወረቀቴ ላይ ዜሮ እያየሁ ያደግሁ ልጅ፣ ዜሮ ምርቃት የሆነበት ዓለም መኖሩን ስሰማ የሆንኩትን ለእናንተ እተወዋለሁ። መዳም ከኛ ሲለዩ «ዜሮ ይሁንላችሁ» ይላሉ። እኛም «አሜን» እንላለን።

አሁን ወደ ምዜ ኦኩምባ ልምጣ፤ «ምዜ» እዚህ አገር ሽማግሌ የሚከበርበት ቃል ነው፣ እንደ «አባባ»።

ምዜ ኦኩምባ ከሐይቁ ዳር፣ ከኡዮማ፣ በአውቶቡስ ሲጓዙ አድረው በአንድ ጠዋት ማኅደራችን በር ላይ ቆመው ተገኙ። በሌሶ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በደረታቸው ይዘዋል። ስንፈታው የድሮ ጥቅል ቴፕ ነው። እናታቸው በአካባቢው የታወቁ ዘፋኝ ነበሩ። ምዜ ሕፃን ሳሉ አንድ መንገደኛ መጥቶ ድምፃቸውን ቀርጾ፣ በኋላ ቅጂውን በፖስታ ልኮላቸዋል። ማጫወቻ ግን በመንደሩ አልነበረም። እናቲቱ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ቴፑ ከሣጥን ወደ ሣጥን ሲዞር ልጅዬው ሽማግሌ ሆኑ።

«ፊቷን አስታውሳለሁ» አሉን። «እጇንም አስታውሳለሁ። ድምፅዋን ግን ረሳሁት። ድምፅ ነው ከሁሉ ቀድሞ የሚሄደው።»

ቴፑ አንድ ጊዜ ብቻ ዞረ። በማጫወቻው ውስጥ ሲያልፍ ቡናማው ሽፋኑ እንደ ቲላፒያ ዓሣ ቅርፊት እየተላጠ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የመሰለ ጩኸት ብቻ ነበር። ሲያልቅ በእጃችን የቀረው ባዶ፣ አንጸባራቂ ክር ነው።

ምዜ የረገፈውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «አሁን የት ናት?»

«እዚህ ውስጥ ናት፣ ምዜ» አለ ሙንያኦ ማሽኑን እያሳየ። እውነቱን ነው። የሱ ፕሮግራም ድምፁን ሁሉ ተቀብሎ፣ በማሽኑ ማስታወሻ ውስጥ ይዞ፣ ጩኸቱን ከዘፈኑ እየለየ ነበር። ሙንያኦ ፕሮግራሙን ለፍጥነት ብሎ የሠራው፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ድምፁ በአንዴ ወደ ዕቃ ቤቱ እንዲጻፍ አድርጎ ነው። ዕቃ ቤት የምንለው በኮሪደሩ ጫፍ፣ በትንሿ ክፍል ውስጥ ያለውን የዲስክ ሣጥን ነው። እስከዚያ ድረስ የሴትዮዋ ድምፅ በዓለም ላይ ያለው በዚያ ፕሮግራም እጅ ላይ ብቻ ነበር።

እኩለ ቀን ካለፈ ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋቱ ማንንም አይገርምም፤ ለዚህ ነው ጄኔሬተር ያለን። ጄኔሬተሩ ግን በዚያ ሳምንት ለጥገና ተፈታትቶ ሣር ላይ ተኝቷል። ማሽኖቹ በባትሪ ቀሩ። ባትሪው የሚያቆየን ሁሉን በሥርዓት ዘግተን እስክንጨርስ ብቻ ነው።

መዳም አፖንዲ ገቡ። ማሽኑን አላዩትም። ምዜን አዩአቸው።

«ሻይ ጠጥተዋል?»

«መዳም፣ ባትሪው!» አለ ሙንያኦ።

«ከኡዮማ ድረስ የመጡ ሰው ሻይ ሳይጠጡ ተቀምጠው? እንዴት ያለህ ልጅ ነህ?» የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያቸውን ይዘው ወጡ፤ ተመልሰው መጡና ተቀመጡ፤ ጣታቸውን አፍታቱ። «በሉ አሁን፣ ልጃችንን በጨዋ ደንብ እንጠይቀው።»

አሥራ አምስትን ላኩ። ጠበቅን።

ምንም የለም። የፕሮግራሙ ስም በዝርዝሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ባትሪው «ጢጥ» አለ።

«አልሰማም» አለ ሙንያኦ።

«ሰምቷል። ጠብቅ።»

ባትሪው ደገመው። ሙንያኦ ተነስቶ ቆመ፤ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። «መዳም፣ እሱ ካልወጣ ማሽኑን በሥርዓት መዝጋት አንችልም። ባትሪው በድንገት ካለቀ ደግሞ የሌሎቹ ቅጂዎች ሁሉ ሊበላሹ ይችላሉ። የስንት ሰው ድምፅ አለ እዚያ ውስጥ! ዘጠኝ እንላክበትና የቀረውን እናድን።»

ምዜ ኦኩምባ ከወንበራቸው ቀና አሉ። የኮምፒውተር ቋንቋችን ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ለሌሎቹ እናቶች ብላችሁ ከሆነ… የኔን ልቀቋት። እስካሁንም ያለ እሷ ኖሬያለሁ።»

እኔ ማንንም ማየት አቃተኝ። የሙንያኦ ጣት በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ነበር። መዳም ጣቱን በእጃቸው ሸፈኑት፤ ከዚያ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ስክሪኑን አተኩረው አዩ። በፕሮግራሙ ስም አጠገብ አንዲት ፊደል ነበረች።

«እምቢ አላለም» አሉ ቀስ ብለው። «እየው። ዲስክ እየጠበቀ ነው። እሺ ብሎናል እኮ! ጓዙን ሸክፎ ሊያስቀምጥ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። በሩን ማነው የዘጋበት?»

«ዕቃ ቤቱ የራሱ ባትሪ አለው» አልኩ እኔ። «ቀይ ሶኬቱ ላይ ያለው።»

መዳም አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ውሃው!» አሉ።

ከዚያ ቀን በፊት መዳም አፖንዲ ሲሮጡ ያየ ሰው የለም። ከዚያ ቀን በፊት ከአንድ ክፍል ሳይሰናበቱ ሲወጡም ያየ የለም። ሹራባቸው በር ላይ ወደቀ፤ አላነሱትም።

ተከትያቸው ሮጥኩ። በትንሿ ክፍል ውስጥ፣ በሕንፃው ሁሉ መብራት የቀረው በዚያ ቀይ ሶኬት ብቻ ስለነበር፣ ውሃ ማፍያው እዚያ ላይ ተሰክቷል። ከሶኬቱ በላይ በመዳም በራሳቸው እጅ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፦ «ከማሽን በቀር እዚህ የሚሰካ ወዮለት!» ትንሹ ባትሪ ዲስኩንና ማፍያውን አንድ ላይ መሸከም አቅቶት ራሱን አጥፍቷል። ውሃው እንኳን ለብ አላለም።

መዳም ማፍያውን ነቀሉ፤ ባትሪውን ቀሰቀሱ። የዕቃ ቤቱ አረንጓዴ መብራቶች አንድ በአንድ፣ እንደ እንቅልፋም ልጅ ዐይን፣ መከፈት ጀመሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝግ ያለ ነገር አላየሁም።

«ሙንያኦ!» ጮኹ መዳም ወደ ኮሪደሩ። «እንዳትነካው!»

«አልነካሁም!» ድምፁ ተሰበረ። «ባትሪው አሁን ሳያቋርጥ ነው የሚጮኸው!»

«ጠብቀው! እንግዳ ነው!»

የዲስኩ ሣጥን ከውስጡ አጉረመረመ፤ አንድ ሰው ከባድ ዕቃ ቀስ ብሎ ሲያወርድ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ። ከወዲያኛው ክፍል ሙንያኦ እንደ ኳስ ተመልካች ጮኸ።

«ተነሳ! እየጻፈ ነው! እየጻፈ… መዳም፣ ወጣ! ወጣ! ዜሮ!»

መዳም አፖንዲ ግድግዳውን ተደግፈው «አሜን» አሉ።

ሙንያኦ ማሽኑን ዘጋው። ባትሪው ለመጨረሻ ጊዜ ጮኾ ጸጥ አለ። ተመልሰን ስንገባ ሙንያኦ እጁን አጣጥፎ እየጠበቀን ነበር፤ ቀልዱ ተመልሶለታል።

«መዳም፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፤ በቀይ ሶኬት ላይ ውሃ ማፍያ የሰካው ማን ነው?»

«ማንም ይሁን» አሉ መዳም ሹራባቸውን ከመሬት እያነሱ፣ «እንግዳ የሚያከብር ሰው ነው።»

«ሻዩስ ታዲያ?»

«አልፈላም።»

መጀመሪያ የሳቁት ምዜ ኦኩምባ ናቸው።

ሻይና ማንዳዚ፣ ያን ቦንቦሊኖ የመሰለውን፣ ግቢው በር ላይ ከምትሸጠው ሴት አመጣን፤ የሷ ከሰል ባትሪ አያውቅም። ወደ ማታ ሲጠጋ መብራት መጣ፤ ማሽኑን አስነሳን። ምዜ ማዳመጫውን እምቢ አሉ፤ «ሁላችንም እንስማት።»

ያ ሁሉ ዝናብ ቆሞ ነበር። ከበስተጀርባው አንዲት ሴት ወጣች፤ ድምፅዋ ቀጭን አልነበረም፣ ጎርናና፣ የታችኛው ጫፉ ላይ ሳቅ የተሸሸገበት። ዘፈነች። ምዜ ዐይናቸውን ጨፍነው በጉልበታቸው ላይ ጣታቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ዘፈኖቹ አለቁ። ሙንያኦ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ መዳም ያዙት። «እስኪጨርስ።»

መንገደኛው መቅረጫውን ማጥፋት ዘንግቶ ኖሯል። የወንበር ድምፅ ተሰማ። የጫማ ኮቴ። ከዚያ ሴትዮዋ፣ አሁን ሳትዘፍን፣ ከፍ ባለ የግቢ ድምፅ ተጣራች፦

«ኦኩምባ! የት ገባህ አንተ ልጅ? ና፣ እንግዳውን እስከ መንገዱ እንሸኘው!»

ምዜ ኦኩምባ ተነሱ። ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ እንደ ተጠራ ልጅ። ቆሙ። ከቴፑ ውስጥ አንድ ሕፃን ከሩቅ «መጣሁ!» አለ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ያ ጥሪ የቴፑ መጨረሻ ነው። መጨረሻ ደግሞ ከሁሉ በኋላ ነው የሚጻፈው። ሙንያኦ ከወንበሩ ሳይነሳ የገዛ ጣቱን ሲያይ ቆየ። በዚያች ጣት ሊልካት የነበረችውን ቁጥር፣ ዘጠኝን፣ ከዚያ ወዲህ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ቅጂውን አድርገን ሰጠናቸው። በሌሶው ጠቀለሉት። ምዜ «እንግዲህ ልሂድ» አሉ፤ እናም የክብርት መዳም አፖንዲ ሥርዓት በሙሉ ማዕረጉ ጀመረ። በሩ ላይ ስለ ዓሣው ዋጋ ተነጋገርን። ደረጃው ላይ በዘመድ ቆጠራ ምዜና መዳም በአንዲት አክስት በኩል እንደሚገናኙ ተደረሰበት፤ ስለዚህ እንደገና ሰላምታ መለዋወጥ ግድ ሆነ። የግቢው በር ላይ ጸሎት ተደረገ። እንደ ወትሮው በልቤ «ምነው ቢያልቅ» የምል ሰው፣ የዚያን ቀን እንዳያልቅ እየለመንኩ ሄድኩ። ሲያስመሹኝ የኖሩት ስንብቶች ሁሉ፣ ያ የፌርማታ አቧራ ሁሉ፣ አንድም እንዳልከሰርኩበት ገባኝ። ማታቶች እየጮኹ አለፉን። ሊያስቆማቸው ማንም እጁን አላነሳም።

በመጨረሻ ምዜ ተሳፈሩ። መዳም «ዜሮ ይሁንልዎ» አሏቸው፤ ትርጉሙን ሳይጠይቁ «አሜን» አሉ። ማታቱ ተንቀሳቀሰ።

ያኔ አንድ ሰው ከጎኔ ተፈናጥሮ በመስኮቱ ትይዩ ሲሮጥ አየሁ። መዳም አይደሉም፤ እሳቸው በመሮጥ በኩል ለዓመቱ የበቃቸው ነበር። ሙንያኦ ነው።

«ምዜ! የረሳሁት ነገር!» እያለ ይጮሃል።

ማታቱው ጥጉ ላይ እስኪታጠፍ ሮጠ፤ እያለከለከ፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ ተመለሰ።

«ምን ረስተህ ነው?» አልኩት።

«ምንም» አለኝ።